የቢጁ ቃጭል

ገበያነሽ ውሻ ፈርታ አታውቅም። ኮምቦልቻ ያደገ ሰው ውሻ ምን እንደሆነ ያውቃል። አጥር ጥግ ይተኛል፣ ሲመሽ ይጮሃል፣ ትራፊ ይወረወርለታል፤ በቃ። እሷን ያስፈራት ቃጭሉ ነው።

ቃጭሉ አውራ ጣት የሚያህል ናስ ነበር። ጅቡቲ ውስጥ የምትሠራላት ፈረንጅ ማዳም ለእረፍት አገሯ ሄዳ ስትመለስ ይዛው መጣችና ማድ ቤቱ በር እጀታ ላይ በቀይ ጥብጣብ አንጠለጠለችው፤ ልክ የቢጁ አፍንጫ የሚደርስበት ቦታ። ቢጁ ውሻው ነው። ጆሮው የተንዘረጠጠ፣ እግሩ አጭር፣ ቀን ሙሉ ኤርኮንዲሽነር ሥር ተጋድሞ የሚውል፣ ሽንቱ ሲመጣ ደግሞ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ የሚለቅ።

«በጣም ቀላል ነው» አለች ማዳም። «ሽንቱ እንደመጣ ስታውቂ አፍንጫውን ቃጭሉን ታስነኪዋለሽ። በሩን ትከፍቺለታለሽ፣ ወደ ውጭ ታወጪዋለሽ፣ ሲጨርስ ፎርማጆ ታጎርሺዋለሽ። ትንሽ ቆይቶ ራሱ እየደወለ ይጠራሻል።»

«ውጭ ማለት ግቢው ነው ማዳም?»

«ግቢው ሣር ነው። ሽንት ሣር ያቃጥላል። ከበሩ ውጭ።»

ስለ ሣሩ ሳልናገር አላልፍም። ጅቡቲ ሰው ቢጫ ጀሪካን አሰልፎ ውሃ ሲጠብቅ የሚውልባት ከተማ ናት። ጋቦዴ በሚባለው ሰፈር፣ እነማዳም ግቢ ውስጥ ግን የአንድ ክፍል ስፋት ያለው ሣር ጠዋትና ማታ ይጠጣ ነበር። የምታጠጣው ገበያነሽ ናት። ያ ሣር እንዳይቃጠል ሰው ወደ እሳት ይላካል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ማስዋቢያ አልፈልግለትም።

እሳት ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ 2003 ነው። መንግሥት ወረቀት የሌለው የውጭ ሰው ሁሉ አገሩን ይልቀቅ ብሎ ቀን ቆርጦ ነበር፤ ቀኑም አልፏል። ብዙ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ በባቡር ሄደ። የቀረውን ፖሊስ በጭነት መኪና እየዞረ ይለቅመው ጀመር። ዳቦ ሊገዛ የወጣ ከነዳቦው፣ ልብስ ሊያሰጣ የወጣ ከነሳሙና አረፋው ይጫንና ወደ ድንበር ይወሰዳል። «ልጄን ልያዝ» ብሎ መመለስ የለም።

ገበያነሽ ደግሞ ልጅ አላት። ፀዲ ትባላለች፤ ገና ሁለት ዓመቷ ነው። አባቷ የአዲስ አበባና ጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር፤ አንድ ቀን የከባድ መኪኖች መቆሚያው ፔካ 12 ላይ መኪናውን አስነሣ፣ ከዚያ ወዲያ መስመር ቀየረ አሉ፣ ዝም አለ። የሰው ቤት ውስጥ እየተኙ የሚሠሩ ሴቶች ልጅ ይዘው አይገቡም። ስለዚህ ፀዲ ካርቲየ 2 በሚባል ሰፈር ውስጥ ሀኪማ ዘንድ ነው የምታድገው። ሀኪማ ድሬዳዋ የተወለደች፣ እዚህ አግብታ ወረቀት ያገኘች፣ በረንዳዋ ላይ ሳምቡሳ የምትጠብስ ሴት ናት። ገበያነሽ ልጇን የምታየው ዓርብ ዓርብ ነው። ሀኪማ ስልክ የላትም። ማዳም የሀኪማን ቤት አታውቅም፤ ልጅ መኖሩንም አታውቅም፤ ልጅ ያላት ሠራተኛ ማንም አይፈልግም። እንግዲህ አስቡት፤ ገበያነሽ ከተያዘች፣ አንዲት ሕፃን በሰው አገር በሰው በረንዳ ላይ እናቷን እየጠበቀች ትቀራለች፣ ወዴት እንደሄደች የሚነግራትም የለም።

«የመኖሪያ ካርቱን እናወጣልሻለን» ብላት ነበር ማዳም፤ አንድ ዓመት ሆኖታል። ቢጁ ግን ካርት ነበረው። የክትባት ማኅተም የተመታበት፣ ፎቶግራፉ የተለጠፈበት። ይህን ሲነግሩኝ አልሳቅሁም፣ እናንተም ባትስቁ ይሻላል።

ጠዋት ጠዋት ውሻውን የማዳም ባል ሙሲዮ ራሱ ይዞት ይሮጣል፤ ማታም እሱ ያወጣዋል። የገበያነሽ ተራ ቀን ነው። ቀን ደግሞ አፈሳ ነው።

«ለምን ዘበኛው አያወጣውም?» ብትሉ፣ ዘበኛው ኢስማኤል ነው። በወጣትነቱ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠርቶ አማርኛ የተማረ፣ ሽበታም፣ ከበሩ ጎን የብረት አልጋው ላይ የሚውል ሰው። ይሰግዳል። የውሻ ለሀጭ ከነካው ሰባት ጊዜ መታጠብ አለበት፣ አንዱን ጊዜ በአፈር። ማዳም ይህን ሲነግሯት ትከሻዋን ነቅንቃ ተወችው። ለሱ ሃይማኖቱ ተከበረለት። ለገበያነሽ ፍርሃቷ አልተከበረላትም፤ ፍርሃት ሃይማኖት አይደለማ።

በመጀመሪያው ቀን ቃጭሉን በአፍንጫው አስነክታ በሩን ከፈተች። ከግቢው በር እግሯን ሳታወጣ ጠየቀች።

«ጋሽ ኢስማኤል፣ ዛሬ ወጥተዋል?»

«ወጥተዋል። ዳቦ ቤቱ ጋ ሁለት ሴቶች ጭነዋል።»

«እና እኔ ይሄን ይዤ ልውጣ?»

«ቆይ፣ ጫት ይግባ።»

«እኔንና ጫትን ምን አገናኘን?»

«ሞኝ ነሽ እንዴ? ጫት ሲገባ ፖሊስም ሰው ነው።»

ውሻው እያለቃቀሰ፣ እሷ በበሩ ስንጥቅ መንገዱን እያየች በሩ ሥር ቆሙ። ቀትር አለፍ ሲል ከትልቁ መንገድ በኩል ክላክስ ተሰማ፤ አንድ ብቻ አይደለም፣ ተቀባብለው የሚጮሁ ብዙ ክላክሶች። ጫት የጫኑ መኪኖች ናቸው፤ በየቀኑ ከኢትዮጵያ በኩል ይመጣሉ፣ እየጮሁ ይገባሉ፣ ከተማው ሁሉ ይነሣላቸዋል። ያን ጊዜ መንገዱ መልኩን ቀየረ። የቆመው መኪና ሄደ፤ ሱቁ ተዘጋ፤ ደንብ የለበሰውም ያልለበሰውም ጉንጩን ሊወጥር ወደ ጥላው ገባ። ብዙም ሳይቆይ መንገዱ ላይ ከሙቀቱ በቀር ማንም አልነበረም።

«አሁን ሂጂ» አለ ኢስማኤል፤ የሱም ዓይን የሚማትረው የራሱን የጫት እስር የሚያመጣለትን ሰው ነበር።

ሄደች። ከቤቶቹ ጀርባ እሾሃማ ቁጥቋጦና የተንጠለጠለ ፌስታል ብቻ ያለበት ሜዳ አለ፤ ከሜዳው ወዲያ የእስር ቤቱ ግንብ ይታያል። ውሻው ሸና። ማንም አልመጣም። ፎርማጆውን አጎረሰችው።

ከዚያ ቀን በኋላ ገበያነሽ ቢጁን በራሷ መንገድ ማሠልጠን ጀመረች። ጠዋት የውሃ ሳህኑን ታነሣበታለች። ረፋዱ ላይ ሞልታ ታስቀምጥለታለች። ሽንቱ መጥቶ ወዲያ ወዲህ ቢልም ዝም ትለዋለች፤ «ቆይ፣ ጌታዬ፣ ቆይ» እያለች ጀርባውን ታሸዋለች። ክላክሱ ሲሰማ ብድግ ብላ አፍንጫውን ቃጭሉን ታስነካዋለች። ክላክስ፣ ቃጭል፣ በር፣ ሽንት፣ ፎርማጆ። ውሻ እንዲህ ያለ ነገር አያልፈውም። ብዙም ሳይቆይ ክላክሱ ገና ከሩቅ ሲጀምር ቢጁ ከተጋደመበት ይነሣል፣ ጥፍሩ ሸክላው ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ ወደ ማድ ቤት ይሄዳል፣ ቃጭሉን በአፍንጫው ይመታዋል።

ማዳም ደስታዋ ልክ አልነበረውም። «ሰዓት ያውቃል እኮ» ትላለች። ለጓደኞቿ በስልክ ትነግራለች። አንድ ነገር ግን ጨምራ ነበር፣ ረጋ ብላ፣ ሥራ የምታዝ መስላ፦ «አሁን ከለመደ በኋላ ምንጣፉ ከተበላሸ ጥፋቱ ያንቺ ነው። ሌላ ሠራተኛ እፈልጋለሁ።» ሌላ ሠራተኛ ማለት ገበያነሽ በጠራራ ፀሐይ ሻንጣ ይዛ መንገድ ላይ ማለት ነው። ሻንጣ የያዘች ሴት ደግሞ ከሩቅ ትታያለች።

ገበያነሽ የሠራችው ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ውሻው ሽንቱ ሲመጣ መጥራትን አልተማረም፤ የተማረው የጫት መኪና ሲጮህ መሽናትን ነው። እሷም ይህን አላሰበችም፤ ጫት የማይገባበት ቀን ይመጣል ብሎ ጅቡቲ ውስጥ ማን ያስባል?

መጣ። ከድንበሩ ወዲያ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ነበር አሉ። ያን ቀን ማዳም ምሳ ጋብዛ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። ገበያነሽ ሳህን እያመላለሰች ጆሮዋ ውጭ ነበር። ቀትር አለፈ። ክላክስ የለም። ግቢው በር ድረስ ሮጣ ወጣች።

ኢስማኤል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የክብሪት እንጨት ያኝካል። ዓይኑ ቀልቷል።

«አልገባም?»

«አልገባም። አታናግሪኝ።»

«መንገዱስ?»

«ሞልተዋል። ጫት ያልቃመ ፖሊስ አይተሽ ታውቂያለሽ? ዛሬ ጥላሽንም ካርት ይጠይቁታል። ግቢ ወደ ቤት።»

ገባች። ቢጁ ማድ ቤቱ በር ፊት ተቀምጧል። ውሃውን ረፋዱ ላይ ጠጥቷል፤ እሷው ናት የሞላችለት። ቃጭሉን ያየዋል፣ እሷን ያያታል፣ የኋላ እግሩ ይንቀጠቀጣል። አይደውልም። ክላክሱን እየጠበቀ ነው። ጆሮው ወደ መንገዱ ነው። ገበያነሽ ፊቱን አየችው፤ የሱ ዓይን የሷ ዓይን ነው። ሁለቱም ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ካልፈቀደላቸው አይንቀሳቀሱም።

«ቆይ» አለችው።

ያን ጊዜ ማዳም እንግዶቿን አስከትላ ማድ ቤት ገባች። ብርጭቋቸውን እንደያዙ ናቸው።

«ቢጁ፣ ቃጭሉ የታለ? አሳያቸው» አለች።

ቢጁ አልነቃነቅም አለ።

«ዛሬ እሑድ መስሎት ይሆናል» አለ አንዱ እንግዳ፤ ሳቁ።

«ገበያነሽ፣ ምን አድርገሽው ነው?» አለች ማዳም፤ እሷ አልሳቀችም።

ውሻው ዞሮ ወደ ሳሎኑ ማዝገም ጀመረ፤ ወገቡ ጎበጥ ብሏል። ሳሎን ምንጣፍ አለ። ከዚያ ምንጣፍ በኋላ ያለውን ገበያነሽ ታውቀዋለች። ማሰሪያውን ከሚስማሩ ላይ መንጭቃ አንገቱ ላይ አሰረችለትና፣ የማድ ቤት ሽርጧን እንኳ ከወገቧ ሳትፈታ፣ ይዛው ወጣች። ሲወጡ ቃጭሉን ነክተውት ስለነበር ከኋላቸው ሲደወል ሰማች። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ሜዳው ላይ ነፋሱ አሸዋ ይረጫል። ቢጁ የመጀመሪያው ቁጥቋጦ ጋ እግሩን አነሣ፤ መሽናት ጀመረ፤ አያቆምም። ከረፋድ ጀምሮ የያዘው ነው።

«ቶሎ በል፣ የኔ ጌታ፣ በናትህ ቶሎ በል።»

መኪናው ከእስር ቤቱ ግንብ በኩል ዞሮ መጣ። ከኋላ ክፍት ነው፣ ሰው ተጭኖበታል። ገበያነሽ ማሰሪያውን ሳበች። ውሻው አራቱን እግሩን መሬት ላይ ተክሎ አሁንም ይሸናል። ጥላው ብትሮጥስ? ወዴት? ማዳም ውሻዋን ጥላ የመጣች ሠራተኛ በሩን ትከፍትላታለች? ቆመች። እግሯ ሥር የተነከረውን አሸዋ እያየች ቆመች።

ሁለት ፖሊሶች ወረዱ።

«ካርት።»

«ቤት ነው ያለው። እዚያ ነው የምሠራው።» በጣቷ አሳየች።

«ነይ፣ መኪናው ላይ ውጪ።»

ክንዷን ሊይዝ እጁን ሲሰድ ቢጁ ዘለለና በርጥብ አፉ ወደ ሱሪው ተጠጋ። ፖሊሱ ተስፈንጥሮ ወደ ኋላ ሄደ። የዐስር ሶላት ሊሰግድ ነው፣ ልብሱ ንጹሕ ነው።

«ውሻውን ልቀቂው።»

ገበያነሽ ያን ጊዜ ገባት። ማሰሪያውን እጇ አንጓ ላይ ጠመጠመችው። «ከለቀቅኩት መኪና ይገጨዋል። የፈረንጅ ውሻ ነው። ተጠያቂው እናንተ ናችሁ።»

ከመኪናው ላይ አንዲት ሴት በአማርኛ ተጣራች፤ ዓይናለም ትባላለች፣ ይህን ኋላ ነው ያወቀችው። «እህቴ፣ እንዳትለቂው። ከፈለጉ ከነውሻው ያሳፍሩሽ፣ ቦታ አለ።» የተጫኑት ሳቁ። በዚያ ሁሉ ላይ ሳቁ።

ሁለተኛው ፖሊስ ወደ ግቢው በር ጮኸ። «አንተ ሽማግሌ፣ ና ይሄን ውሻ ያዝ።»

ኢስማኤል ለሶላት የሚታጠብበትን የውዱእ ጣሳ እንዳንጠለጠለ ብቅ አለ። እጁ ውሃ ያንጠባጥባል። «ታጥቤያለሁ» አለ።

«ኋላ ትታጠባለህ።»

«ሰባት ጊዜ ነው። አንዱን በአፈር። ውሃውን አንተ ታመጣልኛለህ?»

ማንም ውሻውን አይነካም፤ ውሻውን ካልነኩ እሷን አይነኩም። ፖሊሶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ ክብሪት ጫረ፣ ነፋሱ አጠፋበት። ገበያነሽ ማሰሪያውን ይበልጥ ወደ ደረቷ አስጠጋች፤ ሊሄዱ ነው። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ይሄዱ ነበር፤ ይህን ኢስማኤልም እስከ ዛሬ ይምላል።

ማዳም መጣች። የምሳ ፎጣዋን እንደያዘች በነጠላ ጫማ አሸዋውን እየረገጠች። «ቢጁ! ምን አደረጉህ?»

ፖሊሱ በጥሩ ፈረንሳይኛ፣ በትሕትና አስረዳት።

«ማዳም፣ ይንገሯቸው» አለች ገበያነሽ። «የቤታችን ሠራተኛ ናት ይበሏቸው።»

«እሺ፣ እሺ። ነገ ሙሲዮ ሄዶ ያስተካክለዋል። አትፍሪ።» እያለች ማዳም ጎንበስ ብላ ማሰሪያውን ከገበያነሽ አንጓ ላይ ትፈታ ጀመር። ቀስ ብላ ነው የፈታችው፤ የውሻው አንገት እንዳይታነቅ። ገበያነሽ «አይ፣ ማዳም፣ አይሆንም» ትላለች፤ ማዳም «ተይው፣ ተይው፣ ያዝኩት» ትላለች። ያዘችው። በዚያችው ቅጽበት ፖሊሱ ገበያነሽን ያዘ።

ክፋት ነው አልልም። ክፋት ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፋት ቢያንስ ሰውዬውን ያየዋል። ይህች ሴት ማሰሪያውን በሁለት ጫፍ የያዙ ሁለት ፍጡራን ፊቷ ቆመው አንዱን ብቻ ነው ያየችው።

መኪናው እየዞረ ሌላ ሰው ሲለቅም አመሸ። ገበያነሽ አላለቀሰችም። በልቧ አንድ ነገር ብቻ ይመላለሳል፦ ኢስማኤል አይቷል፣ ግን ሀኪማን አያውቃትም። ዛሬ ረቡዕ ነው። ዓርብ ፀዲ በረንዳው ላይ ትቆማለች። የሚቀጥለውም ዓርብ ትቆማለች። ዓይናለም ነጠላዋን አካፈለቻት፤ የሚያበርድ ነገር አልነበረም፣ ግን ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ፔካ 12 ደረሱ። ከከተማው መውጫ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ድንበር ብቻ ነው የሚሄደው። ከባድ መኪኖች በግራም በቀኝም ተደርድረዋል። መኪናቸው ዳር ይዞ ቆመ፤ አንዱ ፖሊስ ውሃ ሊጠጣ ወረደ።

ክላክሱ ያን ጊዜ ተሰማ።

ከበረሃው በኩል ነው፤ መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ብዙ፣ እየተቀባበሉ። መንገዱ ተከፍቷል፣ ጫቱ መጣ። ፔካ 12 ሁሉ ተነሣ። ሾፌሩ ከጋቢናው ዘለለ፤ ውሃ የሚጠጣው ጣሳውን ጣለ፤ ከኋላ የሚጠብቃቸው ፖሊስ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ተመለከታቸው፣ አንድ ጊዜ መንገዱን ተመለከተ፣ ወረደ። ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ።

ማንም አልተነቃነቀም። ለምን እንደሆነ የሚያውቀው ፈርቶ የሚያውቅ ብቻ ነው፤ የተከፈተ በር ከተዘጋው ይበልጥ ያስፈራል። የገበያነሽ እግር ግን ሳታዘው ተነሣ። ያንን ድምፅ ስንት ጊዜ ሰምታ ከበር ወጥታለች።

«ተቀመጪ፣ ይገድሉሻል» አለች ዓይናለም በሹክሹክታ።

በመኪናው ኋላ ተንጠላጥላ ወረደች። ዓይናለም ተከትላት ትውረድ አትውረድ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ዞራ አላየችም። በከባድ መኪኖቹ መሃል አልፋ፣ ወደ ጫቱ ከሚሮጠው ሕዝብ በተቃራኒ፣ ሳትሮጥ ሄደች። ሲመታት፣ ሲገፋት፣ ትከሻዋን ሲጋጭ ማንም ፊቷን አላየም። ከጀርባዋ አንድ እጅ እየጠበቀች ነው ከተማ ድረስ የሄደችው። የትከሻዋ ጡንቻ ለብዙ ቀን አልላላ አለ።

ካርቲየ 2 ስትደርስ ሀኪማ ከምጣዷ ላይ ዘይት ታጠልላለች።

«ምነው፣ ዛሬ ዓርብ ነው እንዴ?»

ፀዲ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የሳምቡሳ ጠርዝ ታላምጣለች። ገበያነሽ አጠገቧ ተቀመጠች።

ጋቦዴ አልተመለሰችም። ልብሷም እዚያው ቀረ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ኢስማኤል ሳምቡሳ ሊገዛ መጥቶ አገኛት።

«ሙሲዮ በነጋታው ጠይቆ ነበር» አላት። «ሄዳለች አሉት። አዲስ ልጅ ቀጥረዋል።»

«ቢጁስ?»

«ክላክስ ካልሰማ አይደውልም። ማዳም ስታዘው ስለማይደውል ደንቆሯል ብላ ሐኪም አሳየችው።»

ሀኪማ ሳቀች። ገበያነሽ ግን ኢስማኤል ሲናገር ዓይኗ መንገዱ ላይ ነበር።

አሁን ከሀኪማ ጋር ትጠብሳለች። አፈሳው ጋብ ብሏል ይሏታል፤ እሷ አታምንም፤ እኔም እመኛት አልላትም። ጠዋት ከደጃፉ አትወጣም። ዘይትም ቢያልቅ፣ ልጅም ብትታመም ቀትር አልፎ ጫት እስኪገባ ትጠብቃለች። ፀዲ ሦስት ዓመት አልፏታል። ከትልቁ መንገድ በኩል ክላክሱ ሲጀምር፣ ማንም ሳይነግራት፣ የያዘችውን ሁሉ ትጥልና ገብታ የእናቷን ጫማ ታመጣለች።